ሻኛውን ያልዳበሰ ገዢ

ሰንጋ ተራን ስም ያወጣለት ገበያው ነው፤ ሰንጋ ይቆምበት፣ ሰንጋ ይሸጥበት የነበረ ተራ። ዛሬ በቦታው ያሉት መስታወት የለበሱ የባንክ ሕንፃዎችና ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። የሰንጋ ገዢ ወግ ግን ከከተማው አልጠፋም፤ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ በየበረቱ ይታያል። ገዢ የተባለ ሰው ከሩቅ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ይጠጋል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ነጋዴውን «እስቲ ወዲያ ወዲህ አስኪድልኝ» ይለዋል። ይህን ሁሉ አድርጎም ብዙ ጊዜ ሳይገዛ ወደሚቀጥለው በረት ያልፋል። ለአንድ የበዓል ቅርጫ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር፣ ጎል የሚያገባለትን ሰው ሲመርጥ ግን ሳይጠጋና ሳይዳብስ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

ከሰንጋ ተራ ተነስቶ በብሔራዊ ቴአትር በኩል በእግሩ የሚወርድ ሰው ብዙም ሳይደክመው አዲስ አበባ ስታዲየም ይደርሳል። በተመልካች ቦታዎቹ፣ በካታንጋም ሆነ በሚስማር ተራ፣ በጥላ ፎቅም ሆነ በከማን አንሼ፣ ለዓመታት ከአንዱ ተመልካች ወደ ሌላው ሲቀባበል የኖረ አባባል አለ፦ አጥቂ የለንም። ኳስ ይዞ መጫወት እናውቃለን፣ መሀል ሜዳ ላይ ማንም አይችለንም፣ ጎል ፊት ስንደርስ ግን የሚመታ ሰው የለም። አባባሉ ከተመልካች አልፎ የአሰልጣኝ መግለጫ ሆኗል፤ ከአሰልጣኝም አልፎ የክለቦች የዝውውር ዕቅድ ሆኗል። በየክረምቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት ለአጥቂ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚደወለው በዚህ እምነት ነው።

እምነቱ ስህተት ነው። ኃይለኛ መቺዎች አሉ። የሚገኙትም ብዙ ሰው በማያይበት፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች ባሉ ውድድሮች፣ በየሰፈሩ የክረምት ዋንጫ ላይ ነው።

«አጥቂ የለንም» የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም የሚናገሩት። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በጥር 2005 በሦስት ጨዋታ ያገባችው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያስቆጠራት። በዚያው ጨዋታ ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዊኒ አድኖታል። በ2014 ካሜሩን ላይ ደግሞ በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል ተገኘ፤ አንዱ ዳዋ ሆቴሳ በአዘጋጇ አገር ላይ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ያገባው፣ ሌላው ጌታነህ ከበደ ቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው። ስድስት ጨዋታ፣ ሦስት ጎል። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው «አጥቂ የለንም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከቁጥሩ የወጣው መደምደሚያ ግን አይከተልም። በብሔራዊ ቡድን ጎል ማነሱ የሚያሳየው የተመረጡት ጥቂት ሰዎች በዚያ ሳምንት ምን እንዳገቡ ነው። ያልተመረጡት፣ ከነጭራሹ ያልታዩት፣ ምን ሊያገቡ እንደሚችሉ አይናገርም። ከተመረጡት ውስጥም ቢሆን ያው ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ በዚያው በ2014 ሰኔ 2 ቀን ሊሎንግዌ ላይ ባገቧቸው ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈዋል። ጨዋታው በወግ የኢትዮጵያ «የሜዳዋ» ጨዋታ ነበር፤ ብቁ የተባለ ስታዲየም ስለሌላት ማላዊ ድረስ ሄዳ የተጫወተችው። በሰው ሜዳ፣ በአህጉሩ ብዙ ዋንጫ ባነሳ ቡድን ላይ ሁለት ጎል። አጥቂ የሌለው አገር እንዲህ አያደርግም።

የሊጉ የጎል መዝገብም ከአባባሉ ጋር አይስማማም። በ1993 ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል በአንድ የውድድር ዘመን 24 ጎል አገባ። ያ ክብረ ወሰን ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆየና በ2009 ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ 25 አድርሶ አሻሻለው። በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ 29 አገባ። ሦስቱም የዚህ አገር ልጆች ናቸው። የውጭ አጥቂዎችም በዚህ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነዋል፤ ናይጄሪያዊው ሳሙኤል ሳኑሚ በ2007 በ22 ጎል፣ ኦኪኪ አፎላቢ በ2010 ለጅማ አባ ጅፋር በ23፣ ቶጓዊው ኢስማኤል ኦሮ አጎሮ በ2015 ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ25። ሁሉም ጥሩ አጥቂዎች ነበሩ፤ መምጣታቸውም ሊጉን ጠቅሟል። ግን ከነርሱ ማንም 29 አልደረሰም። በዚህ ሊግ በአንድ ዘመን ከሁሉም የበለጠ ጎል ያገባው ሰው እዚሁ የተገኘ ከሆነ፣ «እዚህ አይገኝም» የሚለው ቃል ከየት መጣ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የ2013 ዘመን ሌላም ነገር ነበረው። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት ካሜራ በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩት ያን ዓመት ነው። አቡበከር ጎሎቹን ሲያገባ ካሜራው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ልጁ ካሜራ ባይኖርም ያው ልጅ ነበር፤ ጎሎቹም ያው ጎሎች። ያየው ሰው ብዛት ግን ለየቅል ነው። ያ ካሜራ ወደ ታችኛዎቹ ሊጎች አልወረደም።

አባባሉ ሌላም መልክ አለው፤ ስለ ሰውነት የሚወራው። የኢትዮጵያዊ አካል ቀጭን ነው፣ ለሩጫ እንጂ ለጉልበት አልተፈጠረም ይባላል። ይህን የሚል ሰው የአገሩን ሩጫ በደንብ አላየም። በመስከረም 1993፣ ዮርዳኖስ 24 ጎሉን ባገባበት ዘመን መግቢያ ላይ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው 10 ሺህ ሜትር ከሮጠ በኋላ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች በፈነዳ ጉልበት ነው፤ ልዩነቱ የሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ብቻ ነበር። የሚፈነዳ ጉልበት ማለት ይህ ነው። ቁመትም ቢሆን በዚህ አገር የለም አይባልም፤ ከጋምቤላ የወጣው ኡመድ ኡኩሪ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ከረጃጅም ተከላካዮች ጋር ተጋፍቷል። ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያስቆጠረው ቅጣት ምት እስከ ዛሬ ይወራለታል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ነው። ጌርድ ሙለር 1 ሜትር ከ76 ሆኖ ለምዕራብ ጀርመን በ62 ጨዋታ 68 ጎል አግብቷል። የኳስን ፍጥነት የሚወስነው እግሩ ኳሱ ላይ ሲደርስ ያለው ፍጥነትና የቁርጭምጭሚቱ አለመላላት ነው፤ ያም ከዳሌ ይጀምራል። በሜትር ተለክቶ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ታሪክ ወደ ኋላ ለሚያይ ሰው ደግሞ ነገሩ ከሰንጋ ተራ ደጅ አይርቅም። ጥር 13 ቀን 1954 በዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፅ በመጀመሪያው አጋማሽ መራች። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ጮቤው ሳያልቅ በደቂቃ ልዩነት ግብፅ እንደገና መራች። 84ኛው ላይ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስቆጠረና ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። 101ኛው ላይ ወንድሙ ኢታሎ፣ 117ኛው ላይ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡ ናቸው፤ ተመልካች እግር ሲዝል፣ ተጫዋች ሲደክም፣ ኳስ ስትከብድ። መንግሥቱ ወርቁ በተጫወተባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ጎል አግብቷል። «ይህ ሕዝብ ጎል ፊት ጉልበት የለውም» የሚለው ነገር የዚህን ሕዝብ አንድ ዋንጫ ያስገኙትን ሰዎች መርሳት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ከሁሉም አባባሎች ጎጂው «ጎበዝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይታይ ነበር» የሚለው ነው። አስተዋይ ይመስላል፤ ገበያ ሁሉን ያያል፣ ጥሩ ዕቃ አይቀመጥም ብሎ ያስባል። ሰው በከፍተኛ ሊግ እስከ 23 ወይም 24 ዓመቱ ድረስ ከቆየ፣ መቆየቱ ራሱ ማነሱን ይመሰክርበታል ማለት ነው።

ሰንጋ ተራ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ለዚህ መልሱን ያያል። ከፊቱ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። በዚያ ባንክ ስም የሚጠራው ክለብ በ2015 የነበረው በከፍተኛ ሊግ ነው። በ2016 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። አጋጣሚ ነው እንዳይባል፣ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርም ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። ከርሱ ጋር ያደገው መቐለ 70 እንደርታ በ2011 አነሳው፤ አማኑኤል ገብረ ሚካኤልም በ18 ጎል የዘመኑ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ፋሲል ከነማ ለ2009 ዘመን አድጎ በ2013 ሻምፒዮን ነበር። ኢትዮጵያ መድን ለ2015 አድጎ በ2017 ዋንጫውን ወሰደ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተቋርጧል፤ የ2014 እና የ2015 ዋንጫ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከ2010 እስከ 2017 በተጠናቀቁ ሰባት ውድድሮች ውስጥ አምስቱን የወሰዱት ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለተኛው እርከን የነበሩ ክለቦች ናቸው።

ሁለቱን ሊጎች ሰማይና ምድር ናቸው የሚል ሰው ይህን እንዴት ያስረዳል?

መልስ አለው፤ መስማትም ይገባል። ክለብ ሲያድግ ያው ተጫዋቾች አይቀሩም፤ ገንዘብ ያወጣል፣ ያስፈርማል፣ ጅማም ያደገው ከነኦኪኪ አይደለም ይላል። ልክ ነው። ግን ይህ መልስ ሳያስበው ሌላ ነገር ያምናል። ክለቡ ለምን አደገ? ሰንጠረዥ ስላለው። ነጥቡ ይጻፋል፣ ያሸነፈው ይቆጠራል፣ የጎል ልዩነቱ ይደመራል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ማንም ሳይወድ በግዱ ያያል። በዚያው ክለብ ውስጥ ያለው አጥቂ ግን ሰንጠረዥ የለውም። ያገባው ጎል ብዛት ይጻፍለት ይሆናል። ስንት ደቂቃ ተጫውቶ አገባው? ስንት ጊዜ መታ? ከስንቱ ሜትር? ስንቱ በረኛ አዳነበት፣ ስንቱስ አግዳሚ መለሰበት? በየትኛው እግሩ? ያ ሁሉ ጨዋታው ሲያልቅ ከሜዳው ጋር ይቀራል። ቡድን መሰላል አለው፤ ሰው የለውም። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ አጥቂው ተሰናብቶ ሌላ ከተማ፣ ሌላ የአንድ ዓመት ውል ይፈርማል፤ ከዚያም «ጎበዝ ቢሆን ይታይ ነበር» ይባልበታል።

በአሜሪካ ቤዝቦል ግን በታችኛው እርከን ያለን መቺ የማየት ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። የቤዝቦልን ሕግ የማያውቅ አንባቢም አይቸገርም፤ በገና ጨዋታ ሩሯን አንዴ መትቶ ከሜዳው ዳር ወደ ዳር የሚያደርሳትን ጎረምሳ ያስታውስ። የቤዝቦል መቺ ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ ሲያሻግራት ሆም ረን ይባላል። ከትልቁ ሊግ በታች ማይነር ሊግ የሚባሉ እርከኖች አሉ፤ ተጫዋቾች በትንንሽ ከተሞች፣ በአውቶቡስ እየተንከራተቱ፣ በትንሽ ደሞዝ የሚጫወቱባቸው። ልዩነቱ እያንዳንዷ ምት መጻፏ ነው። የታችኛው እርከን መቺ ስንት ጊዜ ዱላ እንዳነሳ፣ ስንት ጊዜ እንደሳተ፣ ስንቴ አጥር እንዳሻገረ በመዝገብ አለ።

ማይክ ፒያሳ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲመረጥ በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው። ያን ያህል ወርዶም የተመረጠው የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አሰልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበር ነው፤ መልማዮች አልፈለጉትም። ማለትም በገበያው ሕግ «ጎበዝ ቢሆን ይታይ ነበር» የሚባልበት ልጅ ነበር፤ ለዚያውም ታይቶ የተተወ። በ1991 በታችኛው እርከን ለቤከርስፊልድ ሲጫወት 29 ሆም ረን መታ። የአቡበከር ቁጥር መሆኑ መገጣጠም ነው፤ ግን ቁጥሩ ስለተጻፈ ከዚያ በኋላ ማንም በወዳጅነት የገባ ልጅ ነው ብሎ ሊያልፈው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በትልቁ ሊግ 35 መትቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ሲያቆም 427 ነበረው፤ በ2016 በዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። መዝገቡ ባይኖር ፒያሳ ምናልባት እስከ ዛሬ የአሰልጣኙ ወዳጅ ልጅ ተብሎ ቀርቶ ነበር።

ሆሴ አልቱቬ የሚባል ቬኔዙዌላዊም አለ። ቁመቱ እንደ ሮቤርቶ ካርሎስ 1 ሜትር ከ68 ነው። የሂውስተን አስትሮስ ሰዎች ሙከራ ላይ አጭር ነው ብለው ወደ ቤቱ መለሱት፤ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ15 ሺህ ዶላር አስፈረሙት። በ2017 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2019 በአንድ ዘመን 31 ሆም ረን መታ። ይህ ልጅ በማግሥቱ ባይመለስ ኖሮ ስንቱ «አጭር ሰው ጉልበት የለውም» እያለ በሰላም ይኖር ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ ገና አልተነሳም። ልምድ ያለው አሰልጣኝ እንዲህ ይላል፦ በከፍተኛ ሊግ ጎል ማግባት ቀላል ነው፤ ተከላካዩ ይዘገያል፣ በረኛው ይሳሳታል፤ እዚያ ያገባ ሁሉ እዚህ አያገባም። ይህ እውነት አለው። ታች 15 ያገባ ላይ 15 ያገባል የሚል ማንም የለም። ስለዚህ የጎል ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ምን ዓይነት ጎል እንደሆነ መታየት አለበት። ጎሉ በሁለቱም ሊግ ወርዱ 7 ሜትር ከ32፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ44 ነው። ኳሱም ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ከ25 ሜትር የተመታ ጠንካራ ምት ሆሳዕና ላይም ሆነ አዲስ አበባ ላይ በረኛ ዘንድ የሚደርስበት ጊዜ አንድ ነው። ሊግ ሲለወጥ የሚለወጠው አጥቂው የሚያገኘው ጊዜ ነው፤ ላይ ያለው ተከላካይ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ መታየት ያለበት ልጁ ከመምታቱ በፊት ኳሷን ስንት ጊዜ እንደሚነካት ነው። ሦስት ጊዜ አስተካክሎ የሚመታ ሰው ሊግ ሲቀየር ይጠፋል። በአንድ ንክኪ የሚመታ ግን ምቱን ይዞት ይሄዳል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በትልቁ ሊግ ሜዳዎች ሁሉ ኳሷ ከዱላው ስትነሳ ያላትን ፍጥነት በመሣሪያ የሚለኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሜዳ ዕድልና የተከላካይ ስህተት የማይነካው ነገር የምቱ ጉልበት ነው። እዚህ መሣሪያ ባይኖርም ዓይን አለ። የንክኪ ቁጥር ለመቁጠር ራዳር አያስፈልግም።

ታዲያ እነዚህ መቺዎች ለምን ቀድመው አይወጡም? ከአሰልጣኙም ከመልማዩም በፊት ያለ ምክንያት አለ፤ ሰፈር ውስጥ ያለ። በኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል የሚጫወት ልጅን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ የመታ ያመጣል። ኳሷ አጥር ከዘለለች፣ ከጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ከወደቀች፣ ከመንገድ ወጥታ ታክሲ ስር ከገባች፣ አክርሮ የመታው ልጅ ጨዋታውን ጥሎ ይሮጣል። አጥር ውስጥ ውሻ ካለ ይለምናል፤ መስታወት ከተሰበረ ከነቤተሰቡ ይቆማል። ቡድን ሲከፋፈል «እሱ ኳስ ያስወጣብናል» ተብሎ መጨረሻ ላይ ይመረጣል። አብዶ የሚሠራው፣ በጠባብ ቦታ ሦስት ሰው የሚያታልለው ልጅ ግን ይጨበጨብለታል። እንዲህ እያለ ገና በዘጠኝ ዓመቱ በጉልበት መምታት ጥፋት እንደሆነ ይማራል። ያደገው በካልሲ ኳስ ከሆነ ደግሞ ኳሷ ራሷ አትከንፍም። ኋላ ተስፋ ቡድን ገብቶ አሰልጣኙ «ምታ እንጂ!» ሲለው፣ እግሩ ለዓመታት የተማረውን በአንድ ቀን አይረሳም።

ሰንጋ ተራ ፈርሶ ሲሠራ፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ፣ ከቤቱ ጋር የሰፈር ቡድንም ተበትኗል። «የእንትን ሰፈር ልጅ አክርሮ ይመታል» ብሎ የሚያስታውስ፣ ለመልማይ ስም የሚነግር ታላቅ ወንድምና ሻይ ቤት አብሮ ሄዷል። በከተማዋ አዳዲስ ትንንሽ ሜዳዎች መሠራታቸው መልካም ነው፤ ልጆች ሣር አግኝተዋል፣ ከመኪና ድነዋል። ግን አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት ሜዳ አጭር ቅብብል እንጂ የሩቅ ምት አያስተምርም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ሜዳ፣ ሙሉ ጎል፣ በረኛ ያለበት ልምምድ የሚያገኝ ታዳጊ ስንት ነው? ያም ሆኖ ወጣቶቹ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ ጉልበቱን ሳይጥል የደረሰ አጥቂ ካለ፣ ሊታይ የሚገባው ነገር ያ ነው።

ዕድሜም የዚሁ አካል ነው። እዚህ አገር 23 የሞላው የታችኛው ሊግ አጥቂ አበቃለት ይባላል፤ ወጣቶች ዕድሜያቸውን እንዲቀንሱ የሚገፋቸውም ይኸው ፍርድ ነው። አጥቂ ግን ብዙ ጊዜ የሚበስለው ዘግይቶ ነው። ዲዲየር ድሮግባ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ለለማን የፈረመው በ21 ዓመቱ ነው፤ ቼልሲ የደረሰው በ26። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ ትንሽ ነህ ብሎ አሰናበተው፤ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ከሊግ ውጪ ባሉ ክለቦች ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2012 በ25 ዓመቱ ሌስተር ከፍሊትውድ ወሰደው። በ2016 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ አነሳ፤ በ2020 በ33 ዓመቱ በ23 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሌስተር ቫርዲን ሲወስድ የተመለከተው ፍሊትውድ ላይ በአንድ ዘመን ያገባቸውን 31 የሊግ ጎሎች ነው፤ አምስተኛ እርከን ላይ የተጻፉ ጎሎችን።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የፕሪሚየር ሊጉ የሚመራው በአክሲዮን ማኅበር ነው፤ ከፍተኛ ሊጉን የሚመራው ፌዴሬሽኑ ነው። የከፍተኛ ሊግ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ይደረጋሉ፤ አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ በቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ያያል። የዳኛ ሪፖርት ጎልና ካርድ ይይዛል። ከሪፖርቱ ጎን አንድ ገጽ ይጨመር፤ ጨዋታ በጨዋታ ለእያንዳንዱ አጥቂ ደቂቃ፣ ምት፣ ርቀት፣ እግር፣ የንክኪ ብዛት። ይህን የሚጽፍ ሰው አሰልጣኝ መሆን አያስፈልገውም፤ ኳስ የሚወድ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ተማሪ ይበቃዋል። ክለቦችም አንድ ነገር ይጨምሩ፤ አጥቂ ከውጭ ከማስፈረማቸው በፊት ከታችኛው ሊግ ሦስት ልጆችን ለሁለት ሳምንት ልምምድ ይጥሩ። የአንድ ቀን ሙከራ ሳይሆን ሁለት ሳምንት፤ አልቱቬም በመጀመሪያው ቀን ወደ ቤቱ ተሸኝቷል።

ይህ ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ውጤት ብዙ ላይመስል ይችላል። ከመዝገቡ ብዙው «ሳተ»፣ «ተከለከለ»፣ «ከአግዳሚ በላይ» የሚል ይሆናል። አብዛኞቹ ስሞች የትም አይደርሱም። የማይነር ሊግ መዝገብም ብዙው እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ፒያሳ በሺህ የሚቆጠሩ ያልወጡ አሉ። ግን በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ ሩቅ ከተማ ሜዳ፣ ግማሽ ባዶ ወንበር ፊት፣ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ከግራ በኩል የመጣለትን ኳስ ሳያስተካክል ይመታዋል። በረኛው ይዘላል፤ ኳሷ ቋሚውን ገጭታ እስከ መሀል ሜዳ ትመለሳለች። ጎል አይደለም፤ በዛሬው አሠራር ማንም አይጽፈውም። በዚያ ገጽ ላይ ግን ይሰፍራል፦ 63ኛ ደቂቃ፣ ግራ እግር፣ 28 ሜትር፣ አንድ ንክኪ፣ ቋሚ።